ሴቩን ሳታወጡ ቀፎውን አትክፈቱ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከድሬዳዋ

ባለፈው እትም ስለ ድሮ የእጅ ጌሞች ሁለት መስመር ጣል ባደርግ የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። ከድሬም ከሐረርም። ስለዚህ በዚህ ወር የስልክ ስክሪንና የቻርጀር ጥያቄ ይቆየን። ወሬው ሁሉ ስለ ጌም ቦይ (የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ የእጅ ጌም) ካሴት ነው። ካርትሪጅ የምትሉ በሉ፤ እኔ ካሴት እያልኩ ነው ያደግኩት። ብሪክ ጌም ይዛችሁ የጻፋችሁልኝ ደግሞ ይቅርታ፣ እሷ ካሴት የላትም። አንዴ ከተሠራች ተሠራች ናት።

*

«ሰላም እህታችን። ለልጄ ከታይዋን ገበያ ጌም ቦይ ከለርና የፖኪሞን ጎልድ ካሴት ገዛሁለት። ጌሙ አሪፍ ይሠራል። ግን ልጁ ሴቭ አድርጎ ካጠፋው በኋላ ሲያበራው ከዜሮ ይጀምራል። ሻጩን ስጠይቀው "ልጅህ ሴቭ ማድረግ አያውቅም" አለኝ። ልጁ አኩርፎ ምሳ አልበላም ብሏል። ምን ይሻላል?» — አባት፣ ከሳቢያን

ልጅህ በደንብ ያውቃል። የማያውቀው ሻጩ ነው፣ ወይ ደግሞ አውቆ ነው። ያለቀው የካሴቱ ባትሪ ነው።

«ካሴት ውስጥ ባትሪ አለ እንዴ?» የማይለኝ ደንበኛ የለም። አለ። ጌም ቦዩ የሚበላው ድንጋይ ሌላ፣ ካሴቱ ውስጥ ያለችው ሌላ። ጌሙ የተጻፈበት ቺፕ ባትሪ አይፈልግም። ልጅህ የደረሰበት ቦታ፣ የያዛቸው ፖኪሞኖች፣ ያወጣላቸው ስም ግን ሌላ ቺፕ ላይ ነው የሚቀመጡት። ያኛው ቺፕ ኃይል ለአፍታ ከተቋረጠበት ሁሉንም ይረሳል። ጌም ቦዩ ሲጠፋ እንዳይረሳ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ሊትየም ባትሪ ቀን ከሌት ትጠብቀዋለች። እሷ ስታልቅ ጌሙ ይሠራል፣ «ሴቭ ተደርጓል» ብሎም ይነግርሃል። ስታጠፋው ግን ሁሉም ብን ይላል።

ጎልድና ሲልቨር ከመጀመሪያዎቹ ፖኪሞኖች ቀድመው ነው ባትሪ የሚጨርሱት። ካሴቱ ውስጥ ሰዓት አለ። ጌሙ ሲነጋና ሲመሽ የሚያውቀው በዚያ ነው። ሰዓቱ ጌም ቦዩ ጠፍቶ፣ ካሴቱ መሳቢያ ውስጥ ሆኖም ይቆጥራል፤ የሚጠጣው ደግሞ ከዚያችው ባትሪ ነው። ጌሙ ጃፓን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999፣ አውሮፓ የገባው በ2001 ነው። ባትሪዋ ካልተቀየረች እስካሁን መቆየቷ ነበር የሚገርመው።

እዚህ ካሴት ላይ የምትገባው ሲአር2025 የምትባለው ናት። ቁጥሩ ልኳ ነው፦ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 2.5 ሚሊ ሜትር። የሰዓት መሸጫ ሁሉ ያለችው ሲአር2032 ግን 3.2 ሚሊ ሜትር ናት። አንዳንዱ ቀፎ ይችላታል፣ አንዳንዱን ሆዱን ትነፋዋለች። ልኳን ፈልግ።

አሁን ዋናው ነገር። የድሮዋን ባትሪ ብታያት ከላይና ከታች ሁለት ቀጫጭን የብረት ጆሮዎች አሏት። ቦርዱ ላይ በሊድ የተያዙት ጆሮዎቹ ናቸው እንጂ ባትሪዋ አይደለችም። ስለዚህ ጆሮ ያላትን ባትሪ ነው የምትገዛው። ጠጋኙ ካውያውን ባትሪዋ ጀርባ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ካየህ እጁን ያዝ! ሊትየም ባትሪ ሙቀት አይወድም፣ ሊፈነዳም ይችላል። «በናስትሮ ላጣብቅልህ» የሚልህም አይጠፋም። በድሬ ሙቀት የናስትሮ ሙጫ ስንት ቀን እንደሚቆይ አንተም ታውቀዋለህ። ሙጫው ሲላላ ባትሪዋ አንዴ ንቅንቅ ካለች የልጅህ ልፋት እንደገና ዜሮ ነው። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ቦርዱ ላይ ተጽፏል፣ እሱ ብዙ አያሳስብም።

ከሻጩ ጋር መጣላት አያስፈልግም። «የባትሪዋን ከዋጋው ላይ ቀንስልኝ» በለው። ሰው ፊት በለው ታዲያ።

*

«እትዬ ሰላም ላንቺ ይሁን። ወንድሜ በቅርቡ ያገባል። ልጅ እያለ አጎታችን ከጅቡቲ ያመጣለት ቀይ የፖኪሞን ካሴት እኔ ጋ ነው። ቀፎው ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ስቲከሩ ተልጧል፣ በዚያ ላይ ስሙን በእስክሪብቶ ጽፎበታል። ሮዝ በሆነ ግልጽ ቀፎ ቀይሬ፣ የሙሽሮቹ ፎቶ ያለበት ስቲከር አሠርቼ ልሰጠው አስቤአለሁ። ሐረር ላይ የሚሠራልኝ አጣሁ። ይቻላል?» — እህት፣ ከሸዋ በር

ይቻላል የኔ እህት፣ ሐሳቡም ደስ ይላል። ግን ካቻቢቴ ከማንሳትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። ካሴቱን ጌም ቦይ ውስጥ ክተቺና አብሪው። የመጀመሪያው ምርጫ ምን ይላል? «አዲስ ጌም» ብቻ ከሆነ ሴቩ ጠፍቷል፣ እንደፈለግሽ ክፈቺው። ከሱ በላይ «ቀጥል» የሚል ካለ ግን እጅሽን አንሺ። ወንድምሽ በልጅነቱ ያቆመበት ቦታ እስከ ዛሬ አለ ማለት ነው። ከጅቡቲ የመጣ ስለሆነ ጌሙ ፈረንሳይኛ ሊሆን ይችላል። ስቲከሩ ላይ ካለው ኮድ መጨረሻ «ኤፍአርኤ» የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ካሉ የፈረንሳይ ነው። እሱ አያሳስብሽ፣ የጌም ቦይ ካሴት አገር አይመርጥም፣ የየትኛውም አገር ጌም ቦይ ላይ ይሠራል።

ሴቩ ካለ መጀመሪያ ኮፒ ይደረጋል። ካሴቱን የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ አለ፣ በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። ካሴቱን ከላይ ትተክይበታለሽ፣ ሴቩን ወደ ፋይል ይገለብጠዋል። ፋይሉ 32 ኪሎባይት ነው። አንድ የስልክ ፎቶ እንኳ ስንት እጥፉ ነው! ከዚያ ያረጀችው ባትሪ ወጥታ አዲስ ትገባለች። በወጣችበት ቅጽበት ቺፑ ሁሉንም ይረሳል፣ ይርሳ። በዚያው መሣሪያ ፋይሉን መልሰሽ ትጽፊበታለሽ። ወንድምሽ ሲያበራው ልጅ ሆኖ የቆመበት ቦታ ላይ ይነሳል። ከስቲከሩ ይልቅ ስጦታው እሱ ይመስለኛል።

ቀፎው ቀላል ነው። ከጀርባ አንድ ስክሩ ብቻ ናት፣ ግን ተራ ካቻቢቴ አይፈታትም። 3.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ለሷ የተሠራ ካቻቢቴ አለ፤ ስክሩዋን ከውጭ ዙሪያዋን አቅፎ ነው የሚይዛት። ልጆች የእስክሪብቶ ቀፎ ጫፍ በላይተር አቅልጠው ስክሩዋ ላይ ተጭነው፣ ሲደርቅ ያዞሩታል። ይሠራል፣ አየሁት። የስክሩ ጉድጓድ ውስጥ ፕላስቲክ ቀርቶ ያየሁትም ካሴት አለ። ስክሩዋ ከወጣች በኋላ ሁለቱ ግማሾች በጥርስ ስለተያያዙ ገፋ አድርጎ ማንሸራተት ነው፣ በጥፍር መፈልቀቅ አያስፈልግም።

ውስጡ ያለው ቦርድ እንዳለ ተነስቶ አዲሱ ቀፎ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ አሮጌው ቀፎ ላይ ምንም አታድርጊ። ስቲከሩን አትላጪ፣ ስሙን አታጥፊ፣ ሙጫውን በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ላጽዳ እንዳትይ። አሴቶን ያንን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል። የመጀመሪያው የፖኪሞን ቀይ ቀፎው ራሱ ቀይ ሆኖ ነው የተሸጠው፣ ሰብሳቢ የሚፈልገውም ያንን ነው። ሰብሳቢው እንኳ ይቅር፤ በልጅ እጅ የተጻፈ ስም ያለበትን ፕላስቲክ ምን ብለሽ ትጥይዋለሽ? አዲሱ ሮዝ ቀፎ ላይ ሙሽሮቹን አድርጊ፣ አሮጌውን ስክሩውን ጨምረሽ በትንሽ ካርቶን አብረሽ ስጪው። ካልወደደው ቦርዱን ወደ ድሮው ይመልሰዋል።

ስቲከሩን ፎቶ ቤት ስታሠሪ ልኩን ከአሮጌው ላይ በሚሊ ሜትር ለክተሽ ሂጂ። ቀፎው ፊት ላይ ለስቲከር የሚሆን ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፤ ከሱ በግማሽ ሚሊ ሜትር ብታሳንሺው ጠርዙ አይነሳም። ወረቀት ሳይሆን የፕላስቲክ ስቲከር በሉኝ በያቸው፣ ላዩ ላይ ላሚኔት ይደረግበት፣ አራቱ ጥግ ክብ ተደርጎ ይቆረጥ። ወፍራም ከሆነ ካሴቱ ሲገባ ይፋቅና ሙሽራው በወሩ አፍንጫ አይኖረውም።

አዎ፣ አምጪልኝ። ከሰዓት በኋላ ግን አትምጪ። በዚህ ሙቀት እኔም ሱቅ ዘግቼ ነው የምውለው።

*

«ጤና ይስጥልኝ። እኔ ለሥራ ከአዲስ አበባ መጥቼ ነምበር ዋን ነው የምኖረው። የጌም ቦይ አድቫንስ ካሴቶች እሰበስባለሁ። እዚህ ሻጮቹ ሁሉም "ኦሪጅናል ነው" ይሉኛል። እርስዎ ሳይከፍቱ እንዴት ይለያሉ?» — ሰብሳቢ

መጀመሪያ «እርስዎ» ይቅር አቦ፣ ድሬ ነው ያለኸው።

ካሴቱን ገልብጠህ ከጌም ቦዩ ጋር የሚነካኩትን ወርቃማ ጥርሶቹን እይ። እውነተኛው የአድቫንስ ካሴት ከጥርሶቹ በላይ ቦርዱ ላይ «ኒንቴንዶ» የሚል ጽሑፍ አለው፣ በመክፈቻው በኩል ዘንበል አድርገህ በስልክ መብራት ታየዋለህ። ጥርሶቹ እኩል፣ ጠርዛቸው ንጹሕ ነው። ፌኩ ላይ ቆርቆሮ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል።

ቀጥሎ ስቲከሩን ወደ ብርሃን አጋድለው። እውነተኛው ላይ በቀለም ያልተጻፈ፣ ተጫኖ ወደ ውስጥ የገባ ሁለት አኃዝ ታገኛለህ። አንዳንዴ ከጎኑ አንድ የላቲን ፊደል ይኖራል። ፊት ለፊት አይታይም፣ ብርሃን ከጎን ሲመታው ብቻ ነው የሚወጣው። አስመሳዮች ብዙ ጊዜ ይረሱታል። ስዕሉ ደብዘዝ ካለ፣ ወይ ከመጠን በላይ የሚያብረቀርቅ ከሆነም ጠርጥር።

የምወደው ምልክት ግን ሌላ ነው። ፖኪሞን ሩቢ፣ ሳፋየር ወይ ኤመራልድ ስታበራ «የውስጥ ባትሪው አልቋል፣ መጫወት ይቻላል፣ ከሰዓት ጋር የተያያዙ ነገሮች ግን አይሠሩም» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ከመጣ አትናደድ። እውነተኛው በዚህ ዕድሜው የሚለው ይህንኑ ነው። እነዚህ ላይ ሴቩ በባትሪ አይደለም የሚያዘው፤ ባትሪዋ የሰዓት ብቻ ናት፣ ስታልቅ ሴቩ አይነካም። ሻጩ ግን «ተበላሽቷል ብሎ ሳይመልስብኝ» ብሎ በርካሽ ይለቅልሃል። ዝም ብለህ ክፈል።

ስትከፍተው ቺፕ በሚኖርበት ቦታ ጥቁር የሙጫ ጠብታ ካየህ አብዛኛውን ጊዜ ፌክ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያልኩት ከድሮዎቹ የጃፓን ካሴቶች እንዲህ ተሠርተው የወጡ እውነተኞችም ስላሉ ነው። በአንድ ምልክት ብቻ ሰው ሌባ አይባልም።

*

«ካሴቱን ነፍተን ስንከተው ይሠራል። አጎቴ ግን አትንፉ ይላል። ማን ነው ልክ?» — የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከከዚራ

አጎትህ። ኒንቴንዶ ራሱም አትንፉ ይላል። ምራቅህና የትንፋሽህ እርጥበት ጥርሶቹ ላይ ያርፋሉ፣ ውለው አድረው ያዝጉታል። «ነፍቼው ሠራ» የምትለው አውጥተህ ስትመልሰው ጥርሶቹ ስለተፋተጉ ነው። ሳትነፋ አውጥተህ ብትመልሰውም ይሠራ ነበር።

ስታበራው ከላይ የሚወርደውን የኒንቴንዶ ጽሑፍ ታውቀዋለህ? ጌጥ እንዳይመስልህ። ጌም ቦዩ ያንን ምስል ከካሴቱ ላይ ያነብና ውስጡ ካለው ጋር ያስተያየዋል፣ 48 ባይት ነው። አንዲት ነጥብ ካልገጠመች ጌሙን አያስጀምርም፣ እዚያው ድርቅ ይላል። ያለ ፈቃድ የሚሠራ ካሴት የኩባንያውን ስም ሳይሰርቅ እንዳይነሳ ተብሎ የተሠራ ዘዴ ነው። ላንተ ግን በነጻ የተሰጠህ የአቧራ መመርመሪያ ነው። ጽሑፉ ተበለሻሽቶ ከወረደ ጥርሱ ቆሽሿል ወይ አንዱ አልነካም፤ ጥቁር ሳጥን ብቻ ከወረደ ጌም ቦዩ ካሴቱን ጭራሽ አላየውም። ጥርሶቹ 32 ናቸው፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው።

የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በአልኮል ነክረህ ከላይ ወደ ታች ጥረግ፣ ወደ ጎን አይደለም። ስልክ ጠጋኞች ጋ ያለው 99 ከመቶ አይሶፕሮፒል ይመረጣል። የፋርማሲው 70 ከመቶም ይሆናል፣ ውሃ ስላለበት ግን ደህና አድርገህ አድርቀው። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ በሌላ ድገመው፣ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። ላጲስ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ወርቁ ስስ ቅብ ስለሆነ ፍቆት ይሄዳል። ቲነር አታስጠጋው።

*

«ግልጽ የሆነ ካሴት ገዛሁ፣ ግራጫው ትልቁ ጌም ቦይ ላይ ገብቶ ማብሪያው አልሄድ አለኝ።» — ከሐረር

አትግፊው፣ ትሰብሪዋለሽ። ግልጹ ካሴት ለጌም ቦይ ከለር ብቻ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. የ1989ኙ ግራጫ ጌም ቦይ ሲበራ አንድ የፕላስቲክ ምላስ ወጥታ የካሴቱ ጥግ ላይ ያለው ቁራጭ ውስጥ ትገባለች። ግልጹ ካሴት ጥጉ ላይ ቁራጭ የለውም፣ ምላሷ መግቢያ አጣች፣ ማብሪያው ቆመ። ግራጫ ካሴት ግራጫውም ከለሩም ላይ ይሄዳል፣ ጥቁሩም ሁለቱም ላይ ይሠራል። ያንቺን ከለሩ ወይ አድቫንሱ ላይ ሞክሪው።

*

«እኛ ሁለት ጓደኛሞች ነን። የራሳችንን ጌም በአማርኛ ሠርተን፣ በእውነተኛ ካሴት አድርገን፣ የድሬን ባቡር ጣቢያ ሥዕል ስቲከር ለጥፈንበት ለጓደኞቻችን መስጠት እንፈልጋለን። ኮድ ብዙም አንችልም። ያረጀ የእግር ኳስ ካሴት አርደን ቺፑን እንቀይረው ወይ?» — ከገንደ ቆሬ

እንደናንተ ዓይነት ደብዳቤ ነው ቀኔን የሚያሳምረው። ካሴቱን ግን አትረዱት፣ ምን በደላችሁ? ለዚሁ የሚሆን፣ እየተጻፈ የሚጠፋ ባዶ ቦርድ ከነቀፎው አዲስ ይሸጣል። ስታዙ «ኤምቢሲ5» የሚለውን (የካሴቱን ሜሞሪ የሚያስተዳድረው ቺፕ ዓይነት ነው) ምረጡ። ለሐረሯ እህት የነገርኳት ማንበቢያ ይጽፋልም፤ አንድ መሣሪያ ሁለት ሥራ። ቀፎውን በፈለጋችሁት ቀለም ግዙት፣ ስቲከሩን እንደ ሙሽሮቹ አሠሩት።

ለመሥራቱ ጂቢ ስቱዲዮ የሚባለውን ፕሮግራም አውርዱ። ነጻ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው፣ ኮድ ሳትጽፉ ሥዕልና ንግግር እየደረደራችሁ ትሠሩበታላችሁ። የሚሰጣችሁ ፋይል እውነተኛው ጌም ቦይ ላይ ይሄዳል።

ጣጣው ፊደላችን ነው። የጌም ቦይ ስክሪን 160 በ144 ነጥብ ነው፣ ቀለሙም አራት ዓይነት ግራጫ። ሁሉም ነገር 8 በ8 ነጥብ በሆኑ ጡቦች ነው የሚገነባው፣ በአንድ ጊዜ ለጀርባ ሥዕል የሚይዘው ደግሞ 256 ጡብ ብቻ ነው። አሁን ቁጠሩ። 33 ፊደል በ7፣ 231። እነ ቋ፣ ጓ፣ ሟን ጨምሩ፣ ቁጥርና አራት ነጥብ ጨምሩ። ለባቡር ጣቢያው የሚተርፍ ጡብ የለም! ፈረንጁ 26 ፊደል ይዞ ሲመጣ ይሄ ችግር በሕልሙም አልነበረም።

ደግሞ 8 ነጥብ ይጠባል። ሣልስና ኃምሱን ብታዩ፣ «ሚ»ን ከ«ሜ» የሚለየው ከእግሩ ሥር ያለው ቀለበት ነው። ቀለበት መሃሉ ክፍት ሆኖ እንዲታይ ቢያንስ 3 ነጥብ በ3 ነጥብ ይፈልጋል። ለራሱ ለፊደሉ የሚቀረው 5 ነጥብ ቁመት ነው። «መ» ይተርፋል፤ «ጬ» ግን ጉንዳን ትመስላለች።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ፊደሉን 8 በ16 እሠራለሁ፣ ሁለት ጡብ አንዱ ባንዱ ላይ። ዋጋው እጥፍ ነው፣ ግን ይነበባል። ከዚያ መላውን ገበታ አልጭንም። ንግግሩን አስቀድሜ በወረቀት እጽፍና በእያንዳንዱ ትዕይንት ውስጥ የትኞቹ ፊደላት እንዳሉ እለቅማለሁ። አጭር ንግግር ላይ ከ40 የተለያየ ፊደል አይበልጥም። እሱን ብቻ እጭናለሁ፣ የቀረው ለሥዕሉ ነው። የድሬ ሰው ንግግር አጭር ስለሆነ ይመቻል፤ «አቦ» ሁለት ፊደል ናት።

ሴቭ እንዲያደርግ ከፈለጋችሁ ቦርዱ ባትሪ ያለው ወይ ያለ ባትሪ የሚይዝ መሆኑን ስትገዙ ጠይቁ። ባትሪ ካለው ከላይ ለሳቢያኑ አባት ያልኩት ሁሉ ለናንተም ነው።

የፊደሉን ሥዕል ስትጨርሱ ላኩልኝ። «ጯ»ን እንዴት እንዳወጣችኋት ማየት እፈልጋለሁ።